የትንቢቱን መጽሐፍ ከልብ ወለዱ አታስወጡት

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ላይ የቀረቡ ሐያሲ፣ በጥንታዊ የትንቢት መጽሐፍ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ የቻይና ታሪካዊ ፋንታሲ (ታሪክን ከተአምር ጋር የሚያዋሕዱ) ልብ ወለዶችን ወደ አማርኛ መመለስ ከንቱ ድካም ነው ሲሉ ለአሳታሚዎች ምክር ሰጥተዋል። የምክራቸው ዋና መሠረት፣ በእነዚህ ልብ ወለዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው «ቱይ ቤይ ቱ» የተባለው የትንቢት መጽሐፍ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበሩት ሊ ቹንፌንግና ዩዋን ቲያንጋንግ የጻፉት ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች የፈበረኩት ሐሰተኛ መጽሐፍ ነው፤ ስለዚህ ደራሲው አንባቢውን በታሪክ ስም ያታልላል የሚል ነው። በዚያ ላይ ፍጻሜው አስቀድሞ የተነገረ ታሪክ ልብ እንደማያንጠለጥል፣ ጉዳዩም ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ እንደሆነ አከሉበት። አዘጋጁ አንዱንም ሳይሞግቱ አመስግነው ሸኟቸው። ይህ ምክር ያለ መልስ ሊታለፍ አይገባውም፤ ከአንድ መጽሐፍ አልፎ ልብ ወለድ ታሪክን እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚደነግግ ነውና።

ሐሰተኛ ነው የሚለውን አስቀድሜ ልያዝ። «ቱይ ቤይ ቱ» ዛሬ በስፋት በሚታወቅበት ቅርጹ 60 ሥዕሎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል «ኢ ቺንግ» ከተባለው ጥንታዊ የቻይና የጥንቆላ መጽሐፍ የተወሰደ ምልክትና ፍቺያቸው የተሸፈነ ግጥሞች ተያይዘውለታል፤ በመጨረሻው ሥዕል ላይ አንድ ሰው የሌላውን ጀርባ ሲገፋ ይታያል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐያሲ ጂን ሼንግታን ጻፈው የሚባል ማብራሪያ ያለበት ይህ ቅጂ በኅትመት የተሰራጨው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው። ሥዕሎቹ ያለፈውን ዘመን ሲያመለክቱ ፍንትው ብለው፣ የሚመጣውን ሲያመለክቱ ደግሞ ጭጋግ ለብሰው መገኘታቸውን ማንም አስተዋይ አንባቢ ያያል። ይህን የቻይና ደራስያንም አንባብያንም ያውቁታል። ሐያሲው እንደ ትልቅ ግኝት ይዘውት የመጡት ነገር ክርክሩ ገና የሚጀመርበት ቦታ ነው።

የትንቢት መጽሐፍ በቻይና ታሪክ ውስጥ ሥራ የሠራው ሰዎች ስላመኑበት፣ ነገሥታት ስለፈሩት፣ ሥልጣን ፈላጊዎችም በገዛ እጃቸው ስለጻፉት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 ሉ የተባለ ጠቢብ ለቺን ሥርወ መንግሥት መሥራች፣ ለንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ሁዋንግ ያቀረበው ጽሑፍ ቺንን የሚያጠፋው «ሁ» ነው ይል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ «ሁ» የተባሉት በሰሜን ያሉት ዘላን ሕዝቦች ናቸው ብሎ የጦር አዛዡን መንግ ቲያንን ከ300,000 ሠራዊት ጋር አዘመተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሞት ዙፋኑን የያዘው ግን ሁሃይ የተባለው የገዛ ልጁ ነበር፤ ቺንም በእርሱ አገዛዝ ተንኮታኮተ። ፍጻሜው የተነገረ ታሪክ ልብ አያንጠለጥልም የሚሉት ሐያሲ ይህንን ያንብቡት። አንባቢው ቺን እንደሚወድቅ ከመጀመሪያው ገጽ ያውቃል፤ የሚያስጨንቀው ያ ሁሉ ጦር ወደ ሰሜን ሲጎርፍ አደጋው በእልፍኝ ውስጥ ሲያድግ ማየቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ላይ አንድ ያልታወቀ ሰው ንጉሠ ነገሥቱ ይሞታል፣ ምድሪቱም ትከፋፈላለች ብሎ ጻፈ። ጸሐፊው ባለመገኘቱ በድንጋዩ አቅራቢያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በሙሉ ተገደሉ፤ ድንጋዩም በእሳት ተቃጠለ። ጽሑፉ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ያውቅ ነበር፤ ሰዎቹን ግን ይህ ከሞት አላዳናቸውም።

በታንግ ዘመን ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። በ653 የወጣው የታንግ ሕግ (ከዚህ በታች ከአንዱ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የትንቢት መጽሐፍ በቤቱ ያስቀመጠን ሰው በሁለት ዓመት የግዳጅ ሥራ ይቀጣ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ዘመን፣ ከሦስት ትውልድ በኋላ ዙፋኑ «ዉ» በተባለች ሴት እጅ ይገባል የሚል ምስጢራዊ ጽሑፍ ይወራ ነበር። ሊ ጁንሺያን የተባለ የቤተ መንግሥት ዘበኛ አዛዥ በአንድ ግብዣ ላይ የልጅነት ስሙ «ዉኒያንግ»፣ አምስተኛዋ ልጃገረድ ማለት፣ መሆኑን ተናገረ፤ የትውልድ ቦታውና የማዕረግ ስሙም ያንኑ «ዉ» የሚል ድምፅ ነበረባቸው። በ648 ከአስማተኛ ጋር አሲሯል በሚል ክስ ተገደለ። ትንቢቱ የሚያመለክታት ሴት ግን በዚያው ቤተ መንግሥት ከዝቅተኞቹ ቁባቶች መካከል ነበረች፤ ዉ ዜቲያን በ690 በራሷ ስም ነገሠች፤ በዓመቱም የተገደለውን አዛዥ ማዕረግ መለሰችለት።

ሊ ቹንፌንግም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። በ945 የተጠናቀቀው የታንግ ታሪክ እንደሚተርከው፣ ታይዞንግ የተጠረጠሩትን ሁሉ ብገድላቸውስ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰማይ የወሰነውን መሻር አይቻልም፤ ብትገድላት ከእርሷ የከፋች ወጣት ትተካለች፤ ብትተዋት ግን በ30 ዓመት ውስጥ ታረጃለች፣ ያረጀ ሰውም ይራራል ብሎ መለሰለት። ይህን የጻፉት የመንግሥት ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው፤ የጻፉትም ዉ ዜቲያን ከሞተች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሐያሲው ደራስያኑን የሚከሱበት ወንጀል በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ለሺህ ዓመት እንደ ታሪክ ሲነበብ ኖሯል። ከታሪክ መጻሕፍቱ ያልቆረጥነውን ትንቢት ከልብ ወለዱ የምንቆርጠው በምን ሥልጣን ነው? ዉ ዜቲያን ራሷ በ688 ከሉዎ ወንዝ ወጣ የተባለ፣ ንግሥናዋን የሚያበሥር ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ በታላቅ ክብር ተቀብላለች፤ ጽሑፉን ያስቀረጸው የወንድሟ ልጅ ዉ ቼንግሲ ነበር።

ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚልቀው በደቡባዊ ሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ዩዌ ኬ የተረከው ነው። የሶንግ መሥራች ታይዙ በ960 ከነገሠ በኋላ የትንቢት መጻሕፍትን ከለከለ። «ቱይ ቤይ ቱ» ግን በብዙ ቤት ተሸሽጎ ስለነበር ሰብስቦ መጨረስ አልተቻለም፤ ሚኒስትሩ ዣኦ ፑም ጥፋተኞቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም መቅጣት እንደማይቻል አመለከተ። ንጉሠ ነገሥቱ መከልከሉን ትቶ ማደባለቁን መረጠ። አሮጌ ቅጂዎችን አስመጥቶ፣ አስቀድሞ የተፈጸመውን ክፍል እንዳለ ትቶ፣ የቀረውን ቅደም ተከተሉን አዘበራርቆ 100 ቅጂ አስጻፈ፤ ከነባሮቹ ጋር ጎን ለጎን እንዲሰራጩም አደረገ። ሰዎች የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል፣ የቱ ትክክል የቱ ስሕተት እንደሆነ መለየት ተሳናቸው፤ አልያዝ አልጨበጥ ሲላቸውም መጽሐፉን ጣሉት።

የተፈጸመውን ክፍል ሳይነካ መተዉ ምን ያህል ማስተዋል እንደጠየቀ ልብ እንበል። አንባቢው ያለፈውን ሲያመሳክር እውነት ሆኖ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ቅጂውን ያምነዋል፤ የሚመጣውን ሊያሰላ ሲነሣ ግን መንገዱ ይጠፋበታል። ትእዛዙን የፈጸሙት የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ምን አስበው ይሆን? የቱ ሥዕል የት እንዲገባ የወሰነው ማን ነበር? እውነተኛውን ቅደም ተከተል በልቡ የያዘ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ እንዲኖር ይፈቀድለት ነበር? የተዘበራረቀውን ቅጂ አምኖ ጊዜው ደርሷል ብሎ የሸፈተስ ቢኖር? የዩዌ ኬ ትረካ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም፤ ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ክፍተት ነው። ታሪካዊ ፋንታሲ ደግሞ ከየትኛውም ዘርፍ ይልቅ ለዚህ ሥራ ብቁ ነው፤ የዘመኑ ሰዎች ሰማይ ይናገራል ብለው ያምኑ እንደነበር ሳያፍር ይቀበላልና። ሰማዩን ዝም ያሰኘ ልብ ወለድ ለእኛ ዘመን ይመች ይሆናል፤ ስለ ሶንግ ዘመን ሰው ግን ውሸት ይናገራል። ሐሰተኛ ቅጂ በንጉሥ ትእዛዝ በተባዛበት አገር ሐሰተኛነት የመጽሐፉ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ስለ መጽሐፉ ለአሳታሚዎች ምክር መስጠት ድፍረት ነው።

ቻይና በሞንጎሎች አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በ1351 ቢጫ ወንዝን ለመጠገን በግዳጅ የተሰበሰቡ ሠራተኞች ሲቆፍሩ አንድ ዐይን ያለው የድንጋይ ሰው አገኙ፤ እርሱ ሲወጣ አገሩ እንደሚያምፅ የሚናገር ግጥም አስቀድሞ በሰው አፍ ገብቶ ነበር። ድንጋዩን ያስቀበሩት የአመፁ ጠንሳሾች ሃን ሻንቶንግና ሊዩ ፉቶንግ እንደነበሩ ይነገራል። ከዚያ አመፅ ውስጥ የወጣው ዡ ዩዋንዣንግ በ1368 የሚንግን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። የተቀበረ ሐሰተኛ ትንቢት የሞንጎሎችን ዙፋን ለመነቅነቅ ከበቃ፣ አንድ ልብ ወለድ ለመሸከም እንዴት ያንሳል?

ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ ነው መባሉ ደግሞ አሳዝኖኛል። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ማለቱን እየሰማ ያደገ፣ ደጃዝማች ካሳ ኃይሉም በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ያንን ስም ለምን እንደመረጡ የሚያውቅ አንባቢ፣ ትንቢት ለሥልጣን ምን እንደሚሠራለት አስረጂ አያሻውም። አንባቢያችንን እንዲህ አሳንሶ ማየት ይብቃ።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። መጽሐፉን ብርሃን የሚተፋ፣ ጀግናው በቸገረው ቁጥር የሚገልጠው የአስማት ዕቃ ያደረጉ ልብ ወለዶች ሞልተዋል፤ ሊ ቹንፌንግንም ጺሙን እያሻሸ ምስጢር የሚያንሾካሹክ ጠንቋይ ያደርጉታል። ይህ ያስቆጣል። ሰውዬው በ633 የሰማይ አካላትን አቀማመጥ የሚለካ መሣሪያ የሠራ፣ በ656 ለተማሪዎች የተመደቡትን አሥሩን የሒሳብ መጻሕፍት ከሌሎች ጋር ሆኖ ያብራራ፣ በ665 ሥራ ላይ የዋለውን የሊንዴ የዘመን መቁጠሪያ ያዘጋጀ ሊቅ ነው። ሰማይን በስሌት የሚለካ ሰው ንጉሡ ፊት ቆሞ ማን ይገደል ተብሎ ሲጠየቅ ከሚፈጠረው ጭንቅ የሚበልጥ አስማት የለም፤ ይህን ያላዩ ደራስያን ጥፋት ግን የእነርሱ ብቻ ነው፤ ያዩትን ከእነርሱ ጋር አብሮ መኮነን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ አሳታሚዎች የትርጉም ረቂቅ ሲቀርብላቸው መጽሐፉ እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ የሚለውን ለታሪክ ተመራማሪዎች ይተዉት። በልብ ወለዱ ውስጥ ያንን መጽሐፍ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደደበቀው፣ በእርሱ ሰበብ ማን እንደተገደለ ደራሲው ያውቅ እንደሆነ ይመርምሩ፤ ካወቀ ያትሙት። ተርጓሚውንም ከቻይንኛ በቀጥታ የሚመልስ ይምረጡ፤ የትንቢቱ ግጥሞች በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው ሲመጡ ያ ሁሉ የተሸፈነ ፍቺ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አንባቢውም ነገሥታት የፈሩት ምን እንደነበር ሳያይ ያልፋል።