ለጥላም በጀት ይያዝለት

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ሙቀቱ 41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደረሰ። ሌሊቱም አልበረደም። በአንድ ሳምንት ውስጥ በዚያ ወቅት ከሚጠበቀው በላይ 739 ሰዎች ሞቱ። የአስከሬን ማቆያው ስለሞላ ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው የጭነት መኪኖች መጥተው በደጃፉ ተደረደሩ። በሕይወት ሳሉ ቀዝቃዛ አየር ያላገኙ ሰዎች ቅዝቃዜ የደረሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር እቆጣለሁ።

የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ኤሪክ ክላይነንበርግ ከዓመታት በኋላ የዚያችን ከተማ ሁለት አጎራባች ሰፈሮች አነጻጽሮ ነበር፤ ሰሜን ሎውንዴልን እና ሊትል ቪሌጅን። በሁለቱም ድህነት ነበረ፣ በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ሰማያቸው አንድ፣ ፀሐያቸውም አንድ። ሆኖም በመጀመሪያው ሰፈር ከመቶ ሺህ ነዋሪ 40 ያህል ሲሞቱ፣ በሁለተኛው የሞቱት 4 ያህል ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ጎዳናው ነው። ሊትል ቪሌጅ ሱቆቹ የተከፈቱ፣ የእግረኛ መንገዱም ሰው የማይጠፋበት ሰፈር ነበር፤ ቤታቸው የጋለባቸው አዛውንት ወጥተው የሚቀመጡበት ነበራቸው፣ ሁለት ቀን ሳይታዩ ከቀሩም «የት ጠፉ?» የሚል ሰው ነበር። በሰሜን ሎውንዴል ግን ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ሱቁ ጠፍቷል፣ ብዙው ነዋሪ ለቅቆ ሄዷል። የቀሩት አረጋውያን ደጁን ስለሚፈሩት በርና መስኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። እዚያው ሞቱ።

ስለ ከተማ ሙቀት በተነሳ ቁጥር ውይይቱ ወደ አየር ንብረት ጉባኤና ወደ መሣሪያ ግዢ ይሮጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እኔ ግን የምከራከረው ከዚያ ቀረብ ስላለ ነገር ነው። ጥላ፣ ያልተደፈነ የጎርፍ መውረጃና ሰው የማይፈራው ጎዳና እንደ ቧንቧ ውኃና እንደ መብራት የሕዝብ አገልግሎት ናቸው፤ በከተማ በጀት ውስጥም ራሱን የቻለ መስመር ይገባቸዋል። በቋንቋችን አንድን ሰው ከችግር ያዳነ «ጥላ ከለላ ሆነው» ይባላል። የከተማ አስተዳደሮች ይህን አባባል ቃል በቃል ቢወስዱት ደስ ይለኛል።

ከተማ ከገጠር ይልቅ የሚሞቅ መሆኑን በመለኪያ ያረጋገጠው የለንደን የመድኃኒት ነጋዴ የነበረው ሉክ ሃዋርድ ነው፤ ደመናዎችን በዓይነት በዓይነታቸው ስም የሰጣቸው ሰው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለዓመታት ቴርሞሜትር እያነበበ የደረሰበት ውጤት አስገራሚ ነበር። በቀን በከተማውና በዙሪያው ባለው ገጠር መካከል እምብዛም ልዩነት የለም። በሌሊት ግን ከተማው በሁለት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሁለት መቶ ዓመት አልፎም ዋናው አደጋ ያለው እዚያው ሌሊቱ ላይ ነው። አስፋልትና ኮንክሪት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጡ ይውሉና ከመሸ በኋላ መልሰው ይተፉታል። ረጃጅም ሕንጻዎች ሙቀቱ ወደ ሰማይ እንዳይወጣ ይጋርዱታል፤ ነፋሱንም ያግዱታል። ሰውነት ከቀኑ ንዳድ የሚያገግመው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ሌሊቱ ካልበረደ ልብ ዕረፍት አታገኝም፤ ሦስት አራት ሌሊት እንዲህ ካለፈ በተለይ አረጋውያንና ሕሙማን አይቋቋሙትም። እ.ኤ.አ. በ2003 የበጋ ወቅት በአውሮፓ ከ70,000 በላይ ሰዎች በሙቀት ምክንያት ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 15,000 ያህሉ በፈረንሳይ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው።

ከተማ የሚሞቅበት ሁለተኛው ምክንያት የውኃ መጥፋት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከቅጠል ወይም ከእርጥብ አፈር ላይ ሲተን ሁለት ሦስተኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በቀን መቶ ሊትር የሚያተን ትልቅ ዛፍ እንግዲህ ምን ያህል እንደሚሠራ ማስላት ቀላል ነው፤ ቆጣሪ አይቆጥርበትም፣ ጩኸትም የለው። አፈሩን በሲሚንቶ ስንከድነው ዝናቡ የሚገባበት ያጣል፣ የሚተን እርጥበትም አይኖርም። ፀሐይዋ ያመጣችው ኃይል ሁሉ ድንጋይና ብረት ወደ ማጋል ይዞራል። በጥላ ያለ ወለልና ግድግዳ ፀሐይ ከሚመታው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ልጅ አዝላ ከመንገዱ ዳር አውቶቡስ ለምትጠብቅ እናት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቆሞ የመጠበቅና የመውደቅ ያህል ነው።

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው አባባል ሰው ለራሱ ብቻ ሲያስብ የሚነገር ነው። የአየር ማቀዝቀዣን ሳይ ይህ አባባል ይመጣብኛል። መሣሪያው ሙቀትን አያጠፋም፤ ከክፍሉ አውጥቶ ወደ ጎዳናው ይጥለዋል። በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ ላይ የተደረገ ጥናት ማቀዝቀዣዎቹ የሚያወጡት ግለት የሌሊቱን ሙቀት በአንዳንድ ቦታዎች ከአንድ ዲግሪ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። በውስጥ ያለው ሲቀዘቅዝ በውጭ ያለው ይነድዳል ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ 1.6 ቢሊዮን ያህል የነበሩት ማቀዝቀዣዎች እስከ 2050 ድረስ ወደ 5.6 ቢሊዮን እንደሚያድጉ ገምቷል። ለሆስፒታል፣ ለአረጋውያን መኖሪያ፣ ወበቁ ለሚያፍን ከተማ መሣሪያው ሕይወት አድን ነውና ይከልከል አልልም። የምቃወመው ከተማ ዛፉን ቆርጦ፣ ነፋሱን ዘግቶ፣ ነዋሪውን «አቅም ያለህ ቅዝቃዜ ግዛ» ሲለው ነው።

አቅም የሌለውስ? በአሜሪካ 108 ከተሞች ላይ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። በ1930ዎቹ ባንኮች ብድር እንዳይሰጡባቸው በካርታ ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡ ሰፈሮች፣ በአብዛኛው የጥቁሮችና የስደተኞች መኖሪያዎች፣ በ94 በመቶዎቹ ከተሞች ዛሬም ከሌሎቹ ሰፈሮች ይሞቃሉ፤ ልዩነቱ አንዳንድ ቦታ እስከ ሰባት ዲግሪ ይደርሳል። ገንዘብ ያልሄደበት ሰፈር ዛፍም አልሄደበትም። ከዘጠና ዓመት በፊት በቢሮ የተሠመረ መስመር ዛሬ የአንድን ሕፃን እንቅልፍ ይነሣል።

ጽዳትና ቅዝቃዜ በየፊናቸው የሚሄዱ ሁለት ጉዳዮች ተደርገው መታየታቸው ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። በአስተዳደር መዋቅር ውስጥ ቆሻሻው በጽዳት ቢሮ፣ ዛፉ በመናፈሻ ክፍል፣ መውረጃው በመንገድ መሥሪያ ቤት ይያዛል፤ ሦስቱ ግን በአንድ ቦይ ላይ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2005 በሕንድ ሙምባይ በ24 ሰዓት ውስጥ 944 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። እንዲህ ያለውን ዝናብ የሚችል ከተማ የለም። ነገር ግን የሚቲ ወንዝ ዳርቻው በግንባታ ተጣብቦ፣ ቦዮቹም በፕላስቲክ ከረጢት ታንቀው ስለነበር ጉዳቱ በረታ፤ ብዙ መቶ ሰዎች ሞቱ። ባንግላዴሽ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ያገደችው ከረጢቶቹ መውረጃዎችን እየደፈኑ ጎርፉን ሲያባብሱ ስላየች ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ዝናቡን ያከብደዋል፤ ዝናቡን ወደ ጎርፍ የምንለውጠው ግን እኛ ነን፣ አፈሩን በመክደንና ቦዩን በመድፈን።

ቆሻሻ በወቅቱ ካልተነሳ ይቃጠላል። ጭሱ በጠራራ ፀሐይ ቀድሞ የተበከለውን አየር ያከፋዋል፤ ሰውም መስኮቱን ይዘጋል፤ የተዘጋው ቤት ምድጃ ይሆናል። ያልተቃጠለውም በመጣያው ስፍራ በስብሶ ሚቴን ጋዝ ያወጣል፣ ይህም ጋዝ ምድርን ከሚያሞቁት ኃይለኞች አንዱ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው ዓለም በዓመት ሁለት ቢሊዮን ቶን ያህል የከተማ ቆሻሻ ታመርታለች፤ ቢያንስ ሲሶው በአግባቡ አይወገድም። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ከቆሻሻው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብና የዕፅዋት ተረፈ ምርት ነው። ይህ ማለት ተለይቶ ቢሰበሰብ ብስባሽ ማዳበሪያ ሆኖ የጎዳናውን ዛፍ ሊመግብ ይችል ነበር። ይህን ሁሉ የምንነጋገርበትን ከተማ የሚጠርጉት ሰዎች ደግሞ በቀትር ፀሐይ ጎንበስ ብለው የሚውሉ ናቸው። የሥራ ሰዓታቸው ወደ ማለዳ ቢዞር፣ የሚያርፉበት ጥላና የሚጠጡት ውኃ ቢመደብላቸው ምን ያህል ያስወጣል?

መፍትሔ ሲባል ብዙዎች ወደ ችግኝ ተከላ ይሄዳሉ። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ፎቶግራፉም ያምራል። ነገር ግን የጎዳና ችግኝ የሚሞተው ከተተከለ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ነው፤ ሥሩ የሚይዘው አፈር ጠብቦት፣ ውኃ ጠፍቶበት፣ መኪና ገጭቶት። የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን የተሳካላት ይህን ስለተረዳች ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በ18 መንገዶችና በ12 የውኃ መውረጃዎች ዳር ሠላሳ የአረንጓዴ መተላለፊያዎችን ስትሠራ፣ ከድሃ ሰፈሮች የመጡ 75 ሰዎችን በአትክልተኝነት አሠልጥና ቀጠረች። በመተላለፊያዎቹ ያለው ሙቀት በሁለት ዲግሪ ያህል ቀነሰ። ሁለት ዲግሪ ትንሽ የሚመስለው ሰው ከላይ የሉክ ሃዋርድን ቁጥር ያስታውስ፤ ለንደን በሌሊት ከገጠሩ የምትበልጠው በዚያው ልክ ነበር። ከተከላው ይልቅ የአትክልተኞቹ ደመወዝ በየዓመቱ በበጀቱ ውስጥ መኖሩ ነው ዋናው ነገር።

ጀርመናዊቷ ሽቱትጋርት ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ነፋስ እንደ ልብ አይገባባትም። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የአየር ጠባይ ባለሙያ በከተማው አስተዳደር ቀጥራ፣ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከኮረብታው የሚወርድባቸውን መስመሮች በካርታ ላይ ይዛለች፤ እዚያ ላይ ሕንጻ እንዳይቆም ትከላከላለች። ዋጋው እርሳስና ቆራጥነት ነው። በደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በወንዝ ላይ የተዘረጋ ከፍ ያለ አውራ ጎዳና ፈርሶ 5.8 ኪሎ ሜትር የቾንግጌቾን ወንዝ ተከፈተ፤ ዳርቻው ራቅ ካለው ትይዩ መንገድ ከ3.3 እስከ 5.9 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኘ። ቢሆንም ውኃው በፓምፕ የሚመጣ ነውና ሥራው ውድ ነው፤ ለድሃ ከተማ ይህን ከመቅዳት በፊት ያለውን ወንዝ ከቆሻሻ መጠበቅ ይቀድማል። ጣራን ነጭ መቀባትም ርካሽና ፈጣን ነው፤ በቀትር እስከ 65 ዲግሪ የሚግል ጥቁር ጣራ በነጭ ቀለም ግለቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የእግረኛ መንገዱን ግን መቀባት አይመከርም፤ በሎስ አንጀለስ እንደታየው የሚንጸባረቀው ጨረር መልሶ ያረፈው በተጓዡ ላይ ነበር።

አንድ ተቃውሞ አለ፣ በቀላሉ የማላልፈው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምት እንደሚያሳየው በ2050 ከዓለም ሕዝብ 68 በመቶው ከተሜ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰው ቤት ይፈልጋል፤ መሬትን ለዛፍ ማስቀመጥ ቤት አልባውን መበደል አይሆንም ወይ? ጠባብ መንገድና ተቀራራቢ ሕንጻም ጥላ ይሰጣል፤ ፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው ሕንጻ ለመንገደኛውም መጠለያ ነው። ስለዚህ ቤትና ጥላ የሚጣሉ አይደሉም። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሌላው ነገር ነው። ሰፈር ሲጸዳና ሲለመልም ኪራይ ይጨምራል፣ በግለቱ ዘመን የኖሩበትም ድሆች ጥላው ሲመጣ ይባረራሉ። ሥራው ከኪራይ ጥበቃ ጋር ካልተያያዘ ዛፉ የተተከለው ለመጪዎቹ ይሆናል።

የሕንዷ አሕመዳባድ እ.ኤ.አ. በሜይ 2010 ከወትሮው በላይ 1,344 ሰዎች ሞተውባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች፤ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወደየሰፈሩ ይደርሳል፣ የጤና ሠራተኞች ሠልጥነዋል፣ የውኃ መጠጫ ጣቢያዎች ይከፈታሉ። የሴራሊዮኗ ፍሪታውን ለሙቀት ጉዳይ ኃላፊ ሾማ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ለሚውሉ ነጋዴ ሴቶች የገበያ መከለያ ዘርግታለች። ሁለቱም ሀብታም ከተሞች አይደሉም። የመንገድ ወይም የሕንጻ ፕሮጀክት ለማጽደቅ የሚሰበሰብ ምክር ቤት የሲሚንቶውንና የብረቱን ዋጋ ጨርሶ ከመፈረሙ በፊት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያንሳ፤ በበጋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በዚህ መንገድ የሚሄድ እግረኛ ከስንት እርምጃ በኋላ ጥላ ያገኛል? ዛፉንስ በሦስተኛው ዓመት ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው፣ ደመወዙስ ከየትኛው መስመር ይከፈላል? ሰነዱ ይህን ካልመለሰ ወደ ዲዛይን ክፍሉ ይመለስ።