«ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ምን ያስፈቅዳል?

ክርክሩን ያስነሣው አንድ መጽሐፍ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው። በቤተ መጻሕፍት የምትሠራ አንዲት የማውቃት ሴት፣ ሽፋኑ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መጽሐፍ ደርሷት፣ ከግለ ታሪኮች ጋር ታስቀምጠው ወይስ ከልብ ወለዶች ጋር፣ መወሰን አቅቷት ነበር። ጥያቄውን ጡረታ ለወጡ አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህርና ለአንድ ጠበቃ ስታቀርብ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ሁለቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሰው የሚያልፉት መስሏቸው ጀመሩት፤ ነገሩ ግን በቀላሉ የሚለቅ ሆኖ አልተገኘም።

ቀድሞ የመለሰው ጠበቃው ነው። «የሆነው ታሪክ ነው፤ ያልሆነው ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያልተፈጸመ ነገር ካለ ከልብ ወለዶቹ ጋር አስቀምጪው፤ ከሌለ ደግሞ ከግለ ታሪኮቹ ጋር» አላት። ለዚህም በየዕለቱ የምንናገረውን አስረጅ አደረገ፤ የአንድ ምስክር ቃል አልጨበጥ ሲለን «ይሄ ልብ ወለድ ነው» የምንለው፣ ሰውየው ድርሰት መድረሱን አድንቀን ሳይሆን መዋሸቱን ለመናገር ነው። ስለዚህ በእርሱ አስተያየት ልብ ወለድ ማለት ስሙን ያሳመረ ውሸት ነው፤ ልዩነቱ በጥበብ መነገሩና ማንንም ወኅኒ አለማስገባቱ ብቻ ነው።

መምህሩ ይህን ሰምተው ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። ቃሉ በአማርኛ መጽሐፍ ላይ ሲወጣ የነበረውን መልክ በማስታወስ ጀመሩ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ተብሎ የሚጠቀሰው መጽሐፍ፣ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው። «አስተውል፤» አሉት፣ «ታሪክ የሚለው ቃል አልቀረም። ልብ ወለድ የታሪክ ተቃራኒ ሆኖ ሳይሆን የታሪክ ዓይነት ሆኖ ነው የገባው፤ ሰነድ የወለደው ታሪክ አለ፣ ልብ የወለደው ታሪክ አለ። ቆይተን ሁለተኛውን ቃል ጣልነውና ተቃራኒ መሰለን።» የላቲኑም ሥር ከዚህ አይርቅም አሉ፤ ፊክሽን የሚለው ቃል የመጣበት «ፊንገሬ» የተባለው ግስ መቅረጽ፣ ጭቃን በእጅ ቅርጽ ማስያዝ ማለት ሲሆን፣ መፍጠርና ማስመሰል የሚሉት ትርጉሞችም ከዚሁ መቅረጽ የወጡ ናቸው።

ጠበቃው በቃል የዘር ሐረግ ክርክር አይረታም አለ። እኔም በዚህ ከእርሱ ጋር ነበርኩ፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ደስ ቢያሰኝም ዛሬ ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። መምህሩም ይህ ገብቷቸው ኖሮ ወዲያው መንገድ ቀየሩ። ያልሆነ ነገር ሁሉ ልብ ወለድ ከሆነ የተሳሳተ የአየር ትንበያም ልብ ወለድ ሊባል ነው ካሉ በኋላ፣ የአንዲት መንደር ነገር አነሡ። በ1930ዎቹ አንድ የአሜሪካ ካርታ አሳታሚ ድርጅት በኒው ዮርክ ግዛት ካርታው ላይ አግሎ የምትባል ቦታ አስገባ። አግሎ የምትባል ቦታ አልነበረችም፤ ስሟ ከሁለት የድርጅቱ ሰዎች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥሞ የተሠራ ሲሆን፣ የገባችውም ካርታውን ገልብጦ የሚሸጥ ተወዳዳሪ ቢኖር እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ነበር። ቆይቶ አንድ ሰው በዚያው ስፍራ ሱቅ ከፈተና ስሙን ከካርታው ወስዶ አግሎ አለው፤ በዚህ ዓይነት ያልነበረችው ቦታ ኖረች።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ሱቁ ከመከፈቱ በፊት አግሎ ልብ ወለድ ነበረች? ማንም እንዲህ አይልም፤ ወጥመድ ነበረች። ካርታ ለሚያየው ሰው እዚህ ቦታ ይህ አለ ብሎ የሚናገር ነገር ስለሆነ፣ በሌለበት አለ ካለ ሐሰት ተናገረ። ያንኑ ስም አንድ ደራሲ የገጸ ባሕሪው የትውልድ መንደር ቢያደርገው ግን ዋሸ የሚለው አይኖርም። መንደሯ በካርታውም በድርሰቱም የለችም፤ የተለያየው ተናጋሪው የገባው ቃል ነው።»

ጠበቃው ጥቂት አሰበና ትርጉሙን አሻሻለው፤ ልብ ወለድ ማለት ማንም የማይታለልበት ያልሆነ ነገር ነው አለ። እንዲህ ያለውን በሕግም እናውቀዋለን ብሎ የኩባንያን ነገር ጠቀሰ። ኩባንያ ሰው አይደለም፤ ሕጉ ግን ሰውነት ሰጥቶታልና በስሙ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ኩባንያው ራት በልቶ ይተኛል ብሎ የሚያምን ዳኛ የለም፤ እንደ ሰው ካልተቆጠረ ግን ሥራው አይሄድም። መምህሩ ይህን በደስታ ተቀበሉት። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሲድኒ፣ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1595 በታተመው ለግጥም በቆመበት ጽሑፉ፣ ገጣሚ ምንም ነገር አያረጋግጥምና ከቶ አይዋሽም ያለው ይህንኑ እንደ ሆነ ነገሩት። ለመዋሸት አስቀድሞ «ይህ እንዲህ ነው» ብሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ደራሲ ግን አያረጋግጥም። ሁለቱ እዚህ ላይ የተስማሙ መስለው ነበር።

ስምምነቱን ያፈረሰችው እስከዚያ ድረስ ስታዳምጥ የቆየችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። «ደራሲ ምንም የማያረጋግጥ ከሆነ አንባቢ በምን ይሳሳታል?» ስትል ጠየቀች። የኮናን ዶይል ልብ ወለድ መርማሪ ሼርሎክ ሆምስ ፓሪስ ይኖር ነበር የሚል ሰው ተሳስቷል፤ የኖረው ለንደን ነውና። ነገር ግን ሆምስ የትም አልኖረም። ከዚያም የሆምስን ጓደኛ፣ የዶክተር ዋትሰንን ቁስል አነሣች። ኮናን ዶይል በ1887 ባወጣው የመጀመሪያው ታሪክ ዋትሰን አፍጋኒስታን ውስጥ በጥይት የተመታው ትከሻው ላይ ነው። በ1890 በወጣው በሁለተኛው ግን ያው ሰውዬ ቁጭ ብሎ የቆሰለ እግሩን ያስታምማል። አንባቢዎች ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ቆስሏል ይላል፣ ሌላው ደራሲው ዘንግቶት ነው ይላል። «ትከሻም እግርም በሌለው ሰው ላይ እንዲህ መከራከር ከተቻለ፣ በልብ ወለድ ውስጥ እውነትም ስሕተትም አለ ማለት ነው፤ እናንተ ግን ምንም አልተረጋገጠም ብላችሁ ዘጋችሁት» አለቻቸው።

መምህሩ ለመመለስ የወሰዱት ጊዜ ጥያቄው እንደከበዳቸው ያሳይ ነበር። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ንጉሡ ተከበበ ስንል እውነት እንናገራለን፣ ነገር ግን ስለ የትኛውም አገር ንጉሥ አይደለም፤ ደራሲም በሚዘረጋው ሰሌዳ ላይ ነገሩን በመናገሩ ብቻ እውነት ያደርገዋል፣ ሊሳሳት የሚችለውም ከራሱ ቃል ጋር ሲጋጭ ነው አሉ። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ለዋትሰን ቁስልም ይበቃል። ጠበቃው ግን ከዚህ መልስ ውስጥ ለራሱ የሚሆን ቀዳዳ አየ።

«ጋሼ፣ አንባቢው ሰሌዳ መዘርጋቱን ካላወቀስ?» አላቸውና ሮቢንሰን ክሩሶን ጠራ። መጽሐፉ በ1719 ለንደን ላይ ሲታተም የዳንኤል ዴፎ ስም ሽፋኑ ላይ አልነበረም፤ የነበረው ባለታሪኩ ራሱ እንደ ጻፈው የሚገልጽ ቃል ነው። መቅድሙም ከዚያ ያልፋል፤ አዘጋጁ ነገሩን በእርግጥ የተፈጸመ ታሪክ አድርጎ እንደሚያምንና የልብ ወለድ መልክ እንደማይታይበት ይናገራል። «ይህ ምንም አለማረጋገጥ ነው? ልብ ወለድ አይደለም ብሎ በግልጽ አረጋግጧል። በሲድኒ ሚዛን ዴፎ ውሸታም ነው፤ ዛሬ ግን ያንኑ መጽሐፍ አንዲት ቃል ሳይለወጥ ልብ ወለድ እንለዋለን። እንግዲያው ልብ ወለድነቱ ከየት መጣ?»

መምህሩ ሽፋኑንና መቅድሙን ከታሪኩ ለዩ። ሽፋኑ ዋሽቷል፤ ታሪኩ ግን ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ልብ ወለድ ነበር፤ ሻጭ በዕቃው ላይ የተሳሳተ ስም ቢለጥፍ ዕቃው አይለወጥም የሚል ነበር መልሳቸው። ሴትዮዋ በዚህ አልረካችም፤ እርሷ የምታውቀው አንባቢን ነውና። በ2003 አሜሪካ ውስጥ በግለ ታሪክነት የታተመ የአንድ ከሱስ የተላቀቀ ሰው መጽሐፍ ነበር፤ ደራሲው ለወራት ታሰርኩ ያለው ለጥቂት ሰዓታት ተይዞ መለቀቅ ብቻ ሆኖ በ2006 ተጋለጠ፣ አሳታሚውም ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ለሚጠይቁ ገዢዎች ለመክፈል ተስማማ። መጽሐፉ ለአሳታሚዎች መጀመሪያ የቀረበው በልብ ወለድነት እንደ ነበር ተዘግቧል። «በልብ ወለድነት ወጥቶ ቢሆን፣ በዚያው ዐረፍተ ነገር፣ በዚያው እስር ቤት፣ አንድም ሰው ገንዘቤን መልሱልኝ አይልም ነበር። ሰዎቹን ያናደዳቸው ያልሆነ ነገር ማንበባቸው አይደለም፤ የሆነ ነገር እያነበቡ መስሏቸው ማዘናቸው ነው» አለች።

የዚያን ዕለት ከተነገረው ሁሉ ለእኔ ክብደት የነበረው ግን ጠበቃው በመጨረሻ ያመጣው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። በ1932 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም የሩሲያው ዛር ቤተ መንግሥት ባለሟል የነበረውን የራስፑቲንን መገደል ሲተርክ ለገዳዩ ልዑል ሌላ ስም ሰጥቶት፣ ናታሻ የተባለችውን የእርሱን እጮኛ ደግሞ ራስፑቲን እንደ ደፈራት አድርጎ አቀረበ። ራስፑቲንን ከገደሉት አንዱ የሆነው ልዑል ፊሊክስ ዩሱፖቭ በሕይወት ነበር፤ ሚስቱ ልዕልት ኢሪናም እንዲሁ። ፊልሙ ሲጀምር ከገጸ ባሕርያቱ ጥቂቶቹ ዛሬም በሕይወት እንዳሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ያሳይ ነበር። ኢሪና «ይህች ሴት እኔ ነኝ ብለው ያውቁኛል» ስትል ሎንዶን ላይ ከሰሰች፤ በ1934ም ረትታ 25,000 ፓውንድ ተፈረደላት። «ከእውነተኛ ሰዎች ጋር መመሳሰል ቢኖር በአጋጣሚ ነው» የሚለው ማስታወቂያ በፊልሞች ላይ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። «ናታሻ የለችም» አለ ጠበቃው፣ «የፈጠራ ስም ነው፤ ድርጊቱም ፈጠራ ነው። የተጎዳችው ግን ኖራ የምትተነፍስ ሴት ናት። እርስዎ ምንም አላረጋገጠም የሚሉት ጥበብ ስለ እርሷ አንድ ነገር አረጋግጧል።»

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ጠበቃው ሲጀምር የያዘው ትርጉም የሚያስኬድ አልነበረም፤ የመምህሩም ትርጉም፣ ምንም እንኳ ከእርሱ የተሻለ ቢሆን፣ ደራሲውን ከሚገባው በላይ ነጻ ይለቀዋል። ልብ ወለድ የሚለው ቃል የዐረፍተ ነገሮችን እውነትነት የሚመዝን ሳይሆን፣ ስለ ምኑ ማን እንደሚጠየቅ የሚያስታውቅ ቃል ነው። ደራሲው «ይህ ሆኗልን?» ከሚለው ጥያቄ ነጻ እንዲሆን አንባቢው የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም እንደ ማንኛውም ፈቃድ ወሰን አለው። ደራሲው ከልቡ ባወጣው ነገር ሁሉ ላይ ይሠራል። ከዓለም በተዋሰው ላይ ግን፣ በተለይም ከኗሪ ሰው ሕይወት በተዋሰው ላይ፣ አንባቢው ሰጪ ሊሆን አይችልም፤ የራሱ ያልሆነውን ማን ይፈቅዳል? ኢሪና የረታችው ፊልሙ ልብ ወለድ ስላልነበረ አይደለም፤ ተመልካቹ ለፊልም ሠሪዎቹ የፈቀደው ነገር የእርሷን ስም ስለማያጠቃልል ነው።

ለዚህም ነው ሽፋኑ ላይ ያለውን «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለውን ሐረግ የማልወደው። ሐረጉ ሁለቱንም ጥቅም በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ እንደ ታሪክ እመኑኝ ይላል፣ እንደ ታሪክ ግን አትጠይቁኝ ይላል። ከየትኛው ገጽ ላይ ሰነዱ አልቆ ልብ እንደ ጀመረ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም፤ ደራሲውም ሊነግረው አይፈልግም፤ የሐረጉ ጉልበት ያለው እዚያው አለመንገር ላይ ነውና። መጽሐፉን ከልብ ወለዶች ጋር እንድታስቀምጠው ነው የመከርኳት። ያላግባብ ከመታመን ያለ ምክንያት መጠርጠር ለአንባቢ ይሻላል፤ ታሪኩ የእርሱ የሆነ ሰው ተነሥቶ ቢጠይቅ ግን የመደርደሪያው ስም ደራሲውን አያድነውም።

በዴፎ ጉዳይ ከመምህሩ እለያለሁ። ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ መቅድሙን አምኖ መጽሐፉን የገዛ የ1719 አንባቢ የተጠየቀው እንዲያምን እንጂ እንዲፈቅድ አይደለም። ለዚያ አንባቢ መጽሐፉ ማታለያ ነበር፤ ነገሩ ከታወቀ በኋላ ለመጣው አንባቢ ግን ልብ ወለድ ሆነለት። አንዲት ቃል ሳይለወጥ ይህ መሆኑ የሚያስገርመው ልብ ወለድነትን በቃላቱ ውስጥ የሚፈልገውን ሰው ብቻ ነው። መምህሩ ይህን ስነግራቸው አልተቀበሉኝም። አንድ ሰው ጽፎ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈው፣ ማንም ያላነበበውና ማንም ያልፈቀደው ድርሰትስ ምን ሊባል ነው ብለው ጠየቁኝ። የሚፈጥረው እርሱ ራሱ መሆኑን የሚያውቀው የመጀመሪያው አንባቢ ጸሐፊው ነው፣ ፈቃዱም ከእርሱ ይጀምራል ብዬ መለስኩላቸው። እርሳቸው ግን፣ ሰው ለራሱ ፈቃድ ይሰጣል ማለት ፈቃድ የሚለውን ቃል ባዶ ማስቀረት ነው ብለው በአቋማቸው ጸኑ።