ጆሮ ዳባ ልበስ ያስባለው አላርም

የአውሮፕላን አደጋ ሪፖርት በወጣ ቁጥር ሁሉም “የፓይለት ስህተት” የምትለዋን ይዞ ይሮጣል። እኔ ግን አልዋጥልህ ካለኝ ቆየ። ያለምክንያት የሚጮህ አላርም፣ አልበራም ብሎ የሚያደርቅ መብራት፣ ማስቀመጫ ያጣ የቡና ኩባያ፣ እነዚህ “በቃ ቻሉት” ተብለው የሚታለፉ ነገሮች ራሳቸው ብልሽት ናቸው፣ እንደ ብልሽት ተመዝግበው መጠገን አለባቸው ባይ ነኝ። ሞተር ሲበላሽ አውሮፕላኑ ይቆማል፣ ፓይለቱን የሚያናድድ ነገር ሲኖር ግን አብሮ ይበራል።

የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401ን ታሪክ ብዙ ሰው ሰምቶታል፣ ዝርዝሩን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 29 ቀን 1972 ማታ ከኒውዮርክ ተነስቶ ማያሚ ሊያርፍ ሲል ጎማ አወረዱ፣ የፊተኛው ጎማ ወርዶ መቆለፉን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት ግን አልበራችም። ወደ 2000 ጫማ ወጡና አውቶፓይለት ላይ አድርገውት ሁሉም ወደ መብራቷ ዞሩ። ረዳት አብራሪው የመብራቷን ክዳን ነቅሎ ሲመልስ ተሰነቀረችበት፣ አልወጣ አልገባ አለችው። የበረራ ኢንጂነሩ ጎማውን በዓይኑ ለማየት ከኮክፒቱ ወለል ስር ወረደ፣ አብሯቸው የተሳፈረው የጥገና ሰውም ተከተለው። በዚህ መሃል አውቶፓይለቱ ከፍታ መጠበቁን ትቷል፣ ማንም አላወቀም፣ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከፍታ ሲዛባ የሚናገረው ድምፅ አልጠፋም፣ ጮኋል፣ ግን ለግማሽ ሰከንድ ብቻ፣ ያውም በኢንጂነሩ ወንበር በኩል፣ ኢንጂነሩ ደግሞ ታች ነው። ኤቨርግሌድስ ረግረግ ላይ ወደቁ፣ ከ176 ሰው 101 ሞተ። ጎማው ወርዶ ተቆልፎ ነበር፣ የተቃጠሉት ሁለት ትንንሽ አምፖሎች ናቸው!

ያኔ አንገብጋቢው ድምፅ ሰው የሌለበት ቦታ ጮኸ። አሁን ደግሞ በተቃራኒው ድምፁ ጆሮ ስር ይጮሃል፣ ግን ውሸት ሆኖ ስለተለመደ የሚያምነው ሰው ጠፍቷል፣ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። በፌብሩዋሪ 2009 አምስተርዳም ስኪፖል ለማረፍ ሲቃረብ የወደቀውን የተርኪሽ በረራ 1951 እንይ፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ የሚለካው የግራው ራዲዮ አልቲሜትር አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ እያለ ከመሬት በታች 8 ጫማ ነን ይላል። በዚህ ምክንያት “ጎማ አልወረደም” የሚለው ማስጠንቀቂያ ገና ከሩቅ ደጋግሞ ጮኸ፣ ፓይለቶቹም አልቲሜትሩ ነው ብለው አለፉት፣ እውነታቸውን ነበር፣ አልቲሜትሩ ነው! ያልታያቸው ነገር ያው የተሳሳተ ቁጥር አውቶስሮትሉንም (የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚቆጣጠረውን) አታልሎ ኃይሉን ወደ ታች እያወረደው መሆኑ ነው። 9 ሰው ሞተ። መርማሪዎች ሲያጣሩ ይሄው ብልሽት በዚሁ አውሮፕላን ላይ ቀደም ብሎም ታይቶ ነበር፣ ይህን መሰል ችግር ሲያጋጥም ግን ፓይለቶች ሪፖርት የሚያደርጉት ጥቂቱን ብቻ ነበር። ለምን ቢባል የለመዱት ነገር ነዋ፣ የለመዱትን ነገር ማን ሎግቡክ ላይ ይጽፋል?

ከዚህ የባሰው በሜይ 2012 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሆነው ነው። ሱኾይ ሱፐርጄት ለገዢዎች ማሳያ በረራ ላይ ሳለ ሳላክ ተራራ ፊት ለፊቱ መጣ፣ ሲስተሙ “ተራራ፣ ወደ ላይ ውጣ” እያለ ጮኸ፣ ካፒቴኑ የዳታቤዝ ችግር መሰለውና አጠፋው። ከመጀመሪያው ጩኸት እስከ ግጭቱ 38 ሰከንድ ነበር፣ እንደ መርማሪዎቹ ከሆነ በ24 ሰከንድ ውስጥ እርምጃ ቢወሰድ መትረፍ ይቻል ነበር። 45 ሰው አለቀ። ካፒቴኑን መውቀስ ይቻላል፣ እኔም እወቅሰዋለሁ፣ ግን አንድ ፓይለት ተራራ አለ የሚል ማሽን ሲሰማ ቀድሞ የሚመጣለት ሐሳብ “ማሽኑ ተሳስቷል” ከሆነ ያን ሐሳብ ያስለመደው ማን ነው?

አሁን ደግሞ የጂፒኤስ ነገር መጥቷል። ከ2023 ወዲህ ጦርነት ባለባቸው አካባቢዎች ውሸተኛ ሲግናል እየተላከ አውሮፕላኖች የሌሉበት ቦታ ያሉ ይመስላቸዋል፣ ሰዓታቸው ሳይቀር ይዛባል፣ ከአካባቢው ከወጡ ከሰዓታት በኋላ እንኳ ምንም ተራራ በሌለበት “ውጣ፣ ውጣ” የሚል ጩኸት ይመጣል። ፓይለቶቹ ወይ ያልፉታል ወይ ያጠፉታል፣ ሌላ ምን ያድርጉ፣ ግን ይህን የሱፐርጄቱን ዓይነት ልማድ በየቀኑ እየተለማመዱት መሆኑን የሚያይ ያለ አይመስለኝም።

(ስለ ቡናው ቃል ገብቻለሁ። በ2019 ከፍራንክፈርት ካንኩን ሲበር የነበረ የኮንዶር ኤርባስ 330 ላይ የካፒቴኑ ቡና ተደፍቶ የድምፅ መቆጣጠሪያው አጨሰ፣ አውሮፕላኑም አየርላንድ ሻነን አረፈ። ኩባያው ከማስቀመጫው ጋር ስለማይመጣጠን ፓይለቶቹ ጠረጴዛው ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ውቅያኖስ ላይ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኤርባስ 350 ላይ ፈሳሽ መሃለኛው መቆጣጠሪያ ላይ ፈሶ ሞተር አየር ላይ በመጥፋቱ የአውሮፓው የበረራ ደህንነት ኤጀንሲ መመሪያ አወጣ።)

የቦይንግ 737 ማክስን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በማርች 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከመሬት እንደተነሳ በአንድ በተበላሸ ሴንሰር ምክንያት የግራው መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ (አውሮፕላኑ አየር ላይ መቆየት ሊያቅተው ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው)፣ በረራውን በሙሉ ማለት ይቻላል አላቆመም። መሪውን የያዙ እጆች እየተንቀጠቀጡ፣ ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች እየተደራረቡ፣ ኤምካስ የሚባለው አውቶማቲክ ሲስተም ደግሞ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች እየገፋ፣ በዚህ ሁሉ መሃል ነው “በእርጋታ አስብ” የሚባለው! 157 ሰው ሞተ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ ባወጣው ሕግ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈቃድ የሚሰጣቸው አውሮፕላኖች ዘመናዊ የማስጠንቀቂያ ሲስተም እንዲኖራቸው አዘዘ፣ ቀነ ገደቡ ሲደርስ ማክስ 7 እና 10 ፈቃድ አላገኙም ነበርና ግዴታው ለእነሱ ተነሳላቸው። በምትኩ ማክሶቹ ላይ ሌላ ማሻሻያ እንዲገጠም ተወሰነ፣ አንዱም የውሸቱን ማስጠንቀቂያ ፓይለቱ ዝም የሚያሰኝበት መንገድ ነው። እሱ ባልተገጠመበት አውሮፕላን ላይ ያን መንቀጥቀጥ ለማስቆም ከፓይለቱ ወንበር ጀርባ ያለ ብሬከር (ኤሌክትሪክ መቁረጫ) ፈልጎ መንቀል ነው።