አሥራ ሁለት ባለ 32 ወይስ ስድስት ባለ 64? የሁለት የድሬ ልጆች ክርክር ስለ ሰርቨር ራም

ለክርክሩ መነሻ የሆነው ድሬዳዋ ውስጥ ያለ አንድ የትራንዚት ድርጅት ነው። ሰርቨሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ሁለት የኢንቴል ዚዮን ፕሮሰሰሮች አሉት። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ስድስት የሚሞሪ ቻናል፣ ማለትም ከራሙ ጋር ዳታ የሚያመላልስበት መንገድ፣ እያንዳንዱ ቻናል ደግሞ ራም የሚሰካበት ሁለት ስሎት አለው፤ በድምሩ 24 ስሎት። ይገዛ የተባለው ራም፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ ዳታውን የሚይዝበት ሚሞሪ፣ 384 ጊጋባይት ነው፤ ወይ በአሥራ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ፍሬ ወይ በስድስት ባለ 64 ይሞላል። አንዱ ተከራካሪ የከዚራ፣ ሌላው የመጋላ ልጅ ነው፤ ደቻቱ በመሐላቸው ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይታወቅ አንተ ተባብለዋል።

የከዚራው፦ እኔ አሥራ ሁለት ባለ 32 ይገዛ ባይ ነኝ። ይህ ፕሮሰሰር በአንድ ቻናል በሰከንድ 23 ጊጋባይት ተኩል ገደማ ያመላልሳል። በስድስቱም ቻናል አንድ አንድ ራም ከተሰካ 140 ይደርሳል። ባለ 64ቱን ለየፕሮሰሰሩ ሦስት ሦስት ብታደርግ ግማሹ ቻናል ባዶውን ይቀርና ፍጥነቱ 70 ላይ ይቆማል። የራሙ መጠን ግን ያው 384 ነው። ስድስት በር ያለው መጋዘን ገንብተህ ሦስቱን በር በብሎኬት መድፈን ማለት ነው።

የመጋላው፦ ምሳሌህ ለትራንዚት ቤት ትስማማለች፤ መጋዘኑ ውስጥ ስንት ጫኝ እንዳለ ግን አልነገርከንም። ሰርቨሩ ላይ ያሉት የሒሳብ ፕሮግራም፣ የዲክላራሲዮን መዝገብ፣ የፋይል ማከማቻና ጥቂት ቨርችዋል ማሽኖች (በሰርቨሩ ውስጥ እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩ) ናቸው። የሚፈልጉት ቦታ ነው። ሲዘገዩም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቁት ዲስኩን ነው። ይልቅ ራሙ እጥፍ ይሁን የተባለ ቀን ምን ልታደርግ ነው? እኔ ስድስት ባለ 64 ጨምሬ 768 አደርሰዋለሁ፤ በየቻናሉ አንድ አንድ ብቻ ስለሚሆን የራሙ ፍጥነት ከ2933 (በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር የዳታ ዝውውር) አይነቃነቅም። አንተ አሥራ ሁለት ስትጨምር በየቻናሉ ሁለት ሁለት ይሆንና ፕሮሰሰሩ ወደ 2666 ያወርድሃል። 24ቱም ስሎት ሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ መጨመር ማለት የነበረውን ነቅሎ መጣል ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የተገዛ ዕቃ ነቅሎ የሚጥል ድርጅት እኔ አላየሁም።

የከዚራው፦ ከ2933 ወደ 2666 ዘጠኝ በመቶ ነው። ነገ ዘጠኝ በመቶ እንዳይጎድልህ ዛሬ ግማሹን ትተዋለህ? ደግሞም ይህ ዲዲአር 4 የሚባለው የራም ትውልድ ነው፤ አዲሶቹ ሰርቨሮች የሚቀበሉት ዲዲአር 5 ነው። ሁለቱም 288 ፒን አላቸው፤ ነገር ግን መሐል ላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታዋ ይለያያል፣ ቮልቴጁም የአንዱ 1.2፣ የሌላው 1.1 ነው። ያጠራቀምከውን ባለ 64 ወደ ቀጣዩ ማሽን ይዘህ አትሄድም።

ሌላም ነገር አለ፤ በባለ 64 እኔ ራሴ ተቃጥያለሁ። ከአንድ ሻጭ ሁለት ፍሬ ገዝቼ ከነበሩት ጎን ሰካሁ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ፣ ብርቱካናማ መብራት በራ፣ ስክሪኑ ጨለማ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ነቅዬ ስሰካ፣ ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ ስፈትግ ዋልኩ። መሸት ሲል የተለጠፈበትን ወረቀት አነበብኩ። ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ ካለው ሰረዝ በኋላ ያለው የላቲን ፊደል በነባሮቹ ላይ "አር"፣ በአዲሶቹ ላይ "ኤል" ነው። አርዲም የሚባለው ትእዛዝና አድራሻውን ብቻ በሬጅስተር ያሳልፋል፤ ኤልአርዲም ዳታውንም ጭምር በራሱ ቺፕ አሳልፎ ጭነቱን ያቀላል። ሁለቱ በአንድ ማሽን አብረው አይሠሩም። ባለ 64 ደግሞ በሁለቱም ዓይነት አለ።

የመጋላው፦ ጥፋቱ ወረቀት ያላነበበው ሰው እንጂ የራሙ አይደለም፤ ይቅርታ።

አሁን ግንቦትን እናንሣ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ያቆየዋል፤ ኤሲው ግን ዩፒኤስ ላይ የለም፣ ይጠፋል። በሩን ዘግተህ ሃያ ደቂቃ ቆይተህ ግባ፦ ክፍሉ ዳቦ ቤት ነው። የራም ቺፕ ሙቀት 85 ዲግሪን ሲያልፍ፣ የያዘው ዳታ እንዳይጠፋ በየ64 ሚሊሰከንዱ ይታደስ የነበረው በየ32ቱ መታደስ አለበት፤ ያ ጊዜ ከሥራው ላይ የሚቀነስ ነው። ስድስት ፍሬ ከአሥራ ሁለት ያነሰ ይሞቃል። ሊበላሽ የሚችለውም ግማሽ ነው። የጎግልና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት በዓመት ከመቶ ራም ከስምንት በላይ የሚሆነው ስሕተት አሳይቷል።

የከዚራው፦ ያንኑ ጥናት እስከ መጨረሻው አንብበው እንጂ! ሙቀት በስሕተቱ ላይ ያለው ተጽዕኖ ከተገመተው በጣም ያነሰ ሆኖ የተገኘው እዚያው ላይ ነው። ኢሲሲ የሚባለው የራም ስሕተት ማረሚያም ያለው ለዚህ ነው፤ በ64 ቢት ላይ 8 ቢት ጨምሮ አንድ ቢት ቢሳሳት ያርማል፣ ሁለት ቢሳሳቱ ያሳውቃል። አንዱ ፍሬ ጨርሶ ቢሞት እኔ የማጣው 32 ነው፣ አንተ 64። ለመጠባበቂያም አንድ ባለ 32 ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይቀላል።

የመጋላው፦ የጎግል አዳራሽ ኤሲው መብራት በሄደ ቁጥር አይጠፋም፤ ያንን ጥናት ድሬ አምጥቶ በግንቦት መድገም ነው። በመጠባበቂያው ግን ልክ ነህ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ 384 የሚለውን ቁጥር ማን አመጣው?

የከዚራው፦ ፕሮፎርማው ላይ ያለ ነው።

የመጋላው፦ ከፕሮፎርማው በፊትስ ማን ለካ? የወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ሁሉም ቨርችዋል ማሽን በርቶ፣ ራሙ ስንት እንደተያዘ የጻፈ ሰው አለ? እኔ የለሁበትም፤ አንተም የለህበትም።

የከዚራው፦ የለሁበትም። እንግዲያው ይለካ። ከ150 ካላለፈ አሥራ ሁለት ባለ 16 ይገዛል፤ 192 ይሆናል፣ ሁሉም ቻናል ይሞላል፣ የተረፈው ብር ኤሲውን ከጄኔሬተር ጋር ያገናኛል። ካለፈ ደግሞ የምትገዛውን የባለ 64 ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ፊደሉ "ኤል" ከሆነ እንደገና እንጣላለን።