የማይከሳው የዲስክ ፋይል
ኬሙ (QEMU፣ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚያስኬደው ፕሮግራም) ለምናባዊው ማሽን ዲስክነት የሚጠቀምበት የኪውካው2 (qcow2) ፋይል ዳታ በተጻፈበት ቁጥር እያበጠ ሄዶ፣ ውስጡ ያለው ሲሰረዝ ግን በራሱ አለመቀነሱ እጅግ ያንገበግባል። ምናባዊው ማሽን ከውስጥ ግማሽ ዲስኬ ባዶ ነው እያለኝ፣ ከውጭ የፋይሉን መጠን በሚያሳየው «ኬሙ-ኢሜጅ ኢንፎ» (qemu-img info) ትእዛዝ ስጠይቅ ፋይሉ የያዘው ቦታ ቅንጣት አልጎደለም፤ የዲስካርድ ትእዛዝ (ማሽኑ የተሰረዘው ቦታ ከእንግዲህ እንደማያስፈልገው ለዲስኩ የሚያሳውቅበት) እስከ ፋይሉ እንዲያልፍ አስቀድሞ ካልተፈቀደ በቀር የተሰረዘው ሁሉ እዚያው ተጎልቶ ይቀራል። መፍትሔ የሚባለው ደግሞ ባዶውን ቦታ በዜሮ ሞልቶ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ በኬሙ-ኢሜጅ «ኮንቨርት» ትእዛዝ ወደ አዲስ ፋይል መገልበጥ ነው። ቦታ ያጠረኝ ሰው ለሁለተኛ ቅጂ የሚሆን ቦታ ከየት ላምጣ? ይባስ ብሎ ዜሮ መሙላቱ ራሱ ፋይሉን መጀመሪያ እስከ ሙሉ መጠኑ ሊያሳብጠው ስለሚችል ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የዲስኩን መጠን የሚቀይረው «ሪሳይዝ» ትእዛዝም ቢሆን ዲስኩን ሲያሰፋ በውስጡ ያለውን ፓርቲሽን (የዲስኩን ክፍልፋይ) አይነካም፤ ሲያጠብ ደግሞ አስቀድሞ ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ላላጠበበ ሰው ዳታውን ይቆርጥበታል።