ሰውነት ውስጥ የሚሟሟው የወሊድ መከላከያ ይሻላል? እኔ አይመስለኝም

ኢምፕላኖንን ብዙ ሴት ያውቀዋል። ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ የሦስት ዓመቱ የወሊድ መከላከያ ነው። ሲያዩት የክብሪት እንጨት ያክላል፤ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር። ውስጡ 68 ሚሊ ግራም ሆርሞን አለ።

ይህ ሁሉ ሆርሞን ባንዴ የማይለቀቀው በፖሊመሩ፣ ማለትም በፕላስቲኩ ምክንያት ነው። መሃሉ ሆርሞኑን የያዘ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ዙሪያውን በጣም ስስ የሆነ ሌላ ሽፋን አለው። ሆርሞኑ በዚያ ሽፋን በኩል ቀስ እያለ ይሾልካል። መጀመሪያ አካባቢ በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮ ግራም ይወጣል። ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ከ25 እስከ 30 ይደርሳል።

ፕላስቲኩ ኢቪኤ ይባላል። ብታምኑም ባታምኑም የስፖርት ጫማ ሶልም ይሠራበታል። ሳይንቲስቶቹ ሮበርት ላንገርና ጁዳ ፎክማን በ1976 እ.ኤ.አ. ትልልቅ ሞለኪውሎች ከፖሊመር ውስጥ ቀስ ብለው ሊወጡ እንደሚችሉ ሲያሳዩ፣ ከሞከሯቸው ፕላስቲኮች አንዱ ይኸው ነበር።

አሁን የተመራማሪዎች ቀልብ ያለው የሚሟሟ ፖሊመር ላይ ነው። ፒኤልጂኤ የሚባለው ሰውነት ውስጥ ራሱ ፈርሶ ያልቃል። በዚህ የተሠራ የፕሮስቴት ካንሰር መርፌ ካለ ቆየ። ለካንሰር ግሩም ነው። ለወሊድ መከላከያ ግን ቆም ብለን እናስብ። አንዲት ሴት በዓመቷ ሐሳቧን ቀይራ ልጅ ብትፈልግስ? የማይሟሟው ይወጣላታል። መፍረስ የጀመረውን ግን ማን ለቅሞ ያወጣዋል? እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

«ማውጣቱ እኮ ጣጣ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በአገራችን ኢምፕላኖን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ መሰጠት ሲጀመር፣ የሠለጠኑት ለመቅበር ነበር። ለማስወጣት ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነበር። መቅበሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሲወጣ ግን ቦታው ይደነዝዛል፣ ቆዳው በትንሹ ይቀደዳል፣ ዘንጉ በጣት ተፈልጎ ይሳባል። ጠልቆ ከተቀበረማ የባሰ ነው።

ይህ ግን የሥልጠናና የዕቃ ጉድለት ነው፤ ፕላስቲኩ ምን አጠፋ? ወረዳው ስንት ሴት ኢምፕላኖን አስቀበረች ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ይውጣልኝ» ካሉት ውስጥ ለስንቶቹ በዚያው ቀን ወጣላቸው ተብሎም ይጠየቅ።