ለኮፈን ዳር ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና ኮፈኗን ከፍታ ትቁም እንጂ ሰው አይጠፋም። ሞተሯ "ጠቅ ጠቅ" ካለማ በቃ። አንዱ ከወዲያ ማዶ ይሻገራል። ሌላው ስልኩን ሳይዘጋ "ቆይ አንዴ፣ መኪና እያየሁ ነው" ይላል። ሦስተኛው ቀድሞውኑ እዚያ ነው፤ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ሦስቱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ብዙ አይቆዩም። ብይኑ ይወርዳል።

"ቢየላ ነው።"

ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ፣ ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ማለታቸው ነው። እንዴት ያለ ጸጋ ነው! ሐኪም እንኳ ደም ስጥ፣ ራጅ ተነሳ ብሎ ያንከራትታል። እነዚህ ግን ጆሯቸውን ብቻ ይዘው መጥተው፣ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ይጨርሳሉ።

ልብ በሉ፣ ሥራው ቀላል አይደለም። ኮፈን ሥር "ጠቅ ጠቅ" የሚል ነገር ሞልቷል። ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ይላል፣ ያውም ጤነኛ ሆኖ። የቫልቭ ክፍተት ሲሰፋ ይላል። ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያወጣው ማኒፎልድ ጋርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው መዝጊያ) ተበልቶ ሲተነፍስ ይላል። በደንብ ያልጠበቀ ካንዴላም ይላል። የቤንዚን ታንኩን ትነት ወደ ሞተር የምታሳልፈው ትንሿ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ሳትቀር የድርሻዋን ታዋጣለች። ሊቁ ግን ለዚህ ሁሉ ዝርዝር ጊዜ የለውም። ቢየላ የሚለው ቃል ከባድ ነው፣ ያስደነግጣል፣ አፍ ይሞላል። "ካንዴላህ ላልቶ ይሆናል" ቢል ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ምቀኛ ግን አይጠፋም። አንዳንድ ደረቅ ሰዎች አሉ፣ ድምፅ ይቆጠራል የሚሉ። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት የሚዞረው በክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ነው ይላሉ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ ክፍተቱ የሰፋ አንድ ቫልቭ በደቂቃ 400 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ 7 ገደማ መሆኑ ነው። ብሮንዙ (ክራንክ ሻፍቱን የሚያቅፍበት ስስ የብረት ሽፋን) ያለቀ ቢየላ ግን በየዙሩ ስለሚመታ በሰከንድ 13 ይደርሳል፤ ድምፁም ወፍራም ነው፣ ከታች፣ ከሆድ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቀጭኗና ዘገም ያለችው ጠቅታ ከላይ ከቫልቮቹ አካባቢ ናት ብለው ይደመድማሉ። እንግዲህ ፍረዱ። ሰው ብይን ሊሰጥ መጥቶ ቁጭ ብሎ ይቁጠር?

ሌላው የእነዚህ ሰዎች አመል ጥያቄ ነው። "ጠዋት ሲነሳ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ?" ይላሉ። ምን አገባቸው? ለነገሩ መልስ አላቸው። ፒስተን ሲቀዘቅዝ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ያለው ክፍተት ሰፋ ይላል፣ ያንኳኳል፣ ሲሞቅ ይፋፋና ዝም ይላል። የሚተነፍስ ማኒፎልድም ብረቱ ሲግል ስንጥቁ ይገጥምና ድምፁ ይጠፋል። በዘይት ግፊት የሚሠሩት የቫልቭ ገፊዎች ደግሞ መኪናዋ ስታድር ዘይታቸው ስለሚወርድ፣ ስትነሳ ጥቂት ሰከንድ ተንጫጭተው ይረጋጋሉ። ያለቀ ብሮንዝ ግን ተቃራኒ ነው፤ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ይብስበታል። ይህን ሁሉ ለመለየት ሞተሩን አሳድሮ፣ ጠዋት አጠገቡ ቆሞ ማስነሳት ይጠይቃል። ሊቃችን እስከ ጠዋት የት ሊቆይ ነው?

ከአስተዋፅኦዎቻቸው ሁሉ የላቀው ግን "ነዳጅ ስጠው!" የምትለዋ ትእዛዝ ናት። ባለመኪናው ቀስ አድርጎ ይረግጣል። "ኧረ ስጠው ወንድሜ፣ አትፍራ!" ይባላል። ሞተሩ ያጓራል፣ ምቱ ይጎላል፣ የሦስቱም ፊት ይበራል። አሁን ብሮንዙ እውነት ያለቀ ከሆነ በቢየላውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ያለችውን ስስ የዘይት ሽፋን ማጥፊያው ይኸው ጩኸት ነው። ትንሽ ከተገፋበት ቢየላው ተሰብሮ ብሎኩን በስቶ ብቅ ይላል። ያኔ ሊቁ በጣቱ እያሳየ "አላልኩም?" ይላል። ትንቢት ተናግሮ፣ እዚያው ቆሞ ራሱ የሚያስፈጽም ሰው ከወዴት ይገኛል?

ይህ ሁሉ ሲሆን የዘይት መለኪያውን የሳበ ሰው የለም። እኔ ይህን እንደ ጨዋነት ነው የማየው። መለኪያው ቅባት ነው፣ እጅ ያቆሽሻል፣ መጥረጊያ ጨርቅ ይፈልጋል፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ አለ። ደግሞስ ዘይቱ ጎድሎ ቢገኝ? ፓምፑ አየር እየሳበ ቫልቮቹን ያስጮኸው ያ ከሆነ ጉባኤው ሊበተን ነው። "የዘይት መብራቱ እኮ አልበራም!" ብሎ መከራከር ይሻላል። መብራቱ የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ መጠኑ እንዳልሆነ፣ እሱም ግፊቱ ክፉኛ ከወረደ በኋላ እንደሚበራ ማንሳት ወግ ማበላሸት ነው።

ዘይት ሳይለኩ ዘይት ማዘዝ ግን ይቻላል። "ወፍራም ጨምርበት፣ ጸጥ ይላል!" እውነትም ጸጥ ይል ይሆናል። 0ደብልዩ-20 ወይም 5ደብልዩ-30 ለሆነ ቀጭን ዘይት የተሠራ ሞተር 20ደብልዩ-50 ሲጠጣ ምቱ ለጊዜው ይታፈናል። ብርድ ላይ ያ ወፍራም ዘይት ጠባብ መተላለፊያዎቹ ዘንድ እስኪደርስ ብረት በብረት ላይ ይሄዳል እንጂ፣ ማን ያየዋል? ከዚህም የሚረክስ መድኃኒት አለ። ሬዲዮውን ከፍ ማድረግ። በዚህ ዘዴ የተፈወሱ ሞተሮች መቆማቸው የሚታወቀው መንገድ መሃል ነው።

ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማው ቀጭን ኳኳታስ? ያም ቢየላ ነው፣ ተፈርዷል። ቤንዚኑ ከካንዴላው እሳት በኋላ በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ስለሚፈነዳ ነው የሚሉ አሉ። ኦክቴኑ (ቤንዚኑ በራሱ እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ) ዝቅ ብሎ፣ ፒስተኑ አናት ላይ ካርቦን ተጋግሮ ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ይሆናል ይላሉ። ብሎኩ ላይ የታሰረ ሴንሰር እንዲህ ያለውን ምት ሰምቶ እሳቱን እንደሚያዘገይም ያወራሉ። ደግሞ ሴንሰር! ሦስት ጆሮ ቆሞ ሳለ?

ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ያሳዝነኛል። ይህን ኳኳታ ማጥናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1916 ዴይተን ውስጥ፣ በቻርልስ ኬተሪንግ ቤተ ሙከራ ነበር። ፈውስ ያለውን እርሳስ አዘል ውህድ ያገኘው በ1921 ነው። አምስት ዓመት! ኮፈን ዳር የሚቆም ወዳጅ አልነበረውማ። ቢሆንም የእኛ ሰዎች ደም ሳይኖረው አልቀረም። መጀመሪያ ላይ ነዳጁ ቀይ ቢሆን ሙቀት ስለሚስብ ኳኳታው ይቀራል ብሎ ገመተ። ቀይ ቀለም ሲያጣ አዮዲን ጨመረበት፣ ሠራም። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ሌሎች ቀለሞችን መሞከሩ ነው። አንዳቸውም አልሠሩም፤ የሠራው ቅላቱ ሳይሆን አዮዲኑ ራሱ ኖሯል። ሊቃችን ቢሆን አዮዲኑ ላይ ያቆም ነበር። በነገራችን ላይ እርሳሱ መርዝ ነበር። ከመንገድ መኪና ቤንዚን ዓለም ጨርሶ ያወጣው በ2021፣ አልጄሪያ መጨረሻ ሆና ስታቆም ነው።

ባለመኪናውንም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ከሦስቱ ማንን ይመን? ድምፁ የጎላውን። ከዚያ ዲናሞ ይቀየራል። ድምፁ አለ። የውሃ ፓምፕ ይቀየራል። ድምፁ አለ። የውጪውን ቺንጋ አውልቆ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ማስነሳት ሁለቱንም ነጻ ያወጣቸው ነበር። የአንዱን ሲሊንደር ኮይልና ኢንጀክተር ለአፍታ ነቅሎ ማዳመጥም አለ፤ ምቱ ከለዘበ ተጠርጣሪው ያ ሲሊንደር ነው። ግን ነጻ የሆነ ዕቃ ምን ወሬ አለው?

አንዳንዴ ደግሞ ዝምተኛ መካኒክ ይመጣል። ጨዋታ አያውቅም። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ይስባል፣ ይጠርጋል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ይስባል። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አውጥቶ እጀታውን ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ቫልቭ ከቨሩ ላይ ያሳርፋል። ወደ ዲናሞው ያዛውራል። ወደ ብሎኩ ይወርዳል። ማኒፎልዱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ የሙቀት መከላከያዋ ቆርቆሮ አንድ ብሎን ላልቶባታል። ሞተሩን ያጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ ያጠብቃታል። ሲያስነሳው ሞተሩ ጸጥ ብሏል።

ሊቁ የባለመኪናውን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል።

"አየህ? ቢየላውን አጠበቀልህ።"